በቅሎ ያስያዘው የጀርመን ዓሣ

በዚህች አገር ስም ፈቺ የሌለበት መንደር የለም። ውሃ የሌለው ከተማ አይቻለሁ፤ መብራት የሌለውማ ስንቱን። የአንድ ቦታ ስም ጠርታችሁ፣ ከአጠገባችሁ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ «ለመሆኑ ለምን እንዲህ እንደተባለ ታውቃላችሁ?» የማይልበት ከተማ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። አናውቅም ካላችሁ ይነግራችኋል። እናውቃለን ካላችሁም ይነግራችኋል፤ ያውም የእናንተን አርሞ።

ሕዝቡ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል። ስም ፈቺ ግን ለመላእክት ይህን ያህል ሥራ አይሰጥም። እሱ ዘንድ ስም የሚያወጡት ንጉሥ ናቸው። ንጉሡ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ናቸው። ወይ ይርባቸዋል፣ ወይ ይጠማቸዋል፣ ወይ ፈረሳቸው ይደናቀፋል፤ በዚህ መሃል አንዲት ቃል ጣል ያደርጋሉ፤ ቃሏ ስትቆረጥና ስትቀጠል የአገሩ ስም ሆና ትቀራለች። የትኛው ንጉሥ? እንዲህ ያለው ነገር አይጠየቅም፤ የጠየቀ አሳዳጊ የበደለው ይባላል።

የእኛ የሞላሌው ስም ፈቺ ክቡር አቶ ተገኘ ናቸው፤ ሊቀ ስያሜ፣ ርእሰ መተርጉማን፣ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ስሞች ሁሉ ባለ አደራ። ማዕረጎቹን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። አልተቃወሙም፤ እንዲያውም «ዘግይቷል» ብለውኛል። ገብስ የሚያርሱና በግ የሚያረቡ፣ ቁመታቸው አጠር፣ በርኖሳቸው ረዘም ያለ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት እንደነበሩ ይናገራሉ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩሸዋ ደግሞ «እስከ ደጁ ሄዶ ውሻ መለሰው» ይላሉ።

«ቀስ ብለህ አድምጠኝ» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ችኩል አድማጭ አይወዱም። «ንጉሡ በዚህ ሲያልፉ ጠላ ቀረበላቸው። ዋንጫው ሞላ። ጠጡና ‹ሌላ› አሉ። እንደገና ሞላ፤ እንደገና ‹ሌላ› አሉ። ሞላ፣ ሌላ፣ ሞላ፣ ሌላ። አሁን ሞላሌ ገባህ?» ቀየት የሚባለው አገርስ? ንጉሡ ሁለት ፈረስ ቀርቦላቸው ነጩን ትተው ቀዩን አየት አደረጉት። ራቤልን የሚያስረዱት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ የመንግሥት ምስጢር አለበትና። «ንጉሡ ግሼ ሲደርሱ ራባቸው። ንጉሥ ‹ራበኝ› አይልም፤ ነውር ነው። ‹ራበ…› ብለው ዝም አሉ። ‹ልብላ› ሊሉ ‹ል› እንዳሉ ምሳው ደረሰ። በዚያው ቀረ።»

አንድ ጊዜ ከመሐል ሜዳ በሚኒባስ አብረን ስንመጣ ሾፌሩ ፍሬኑ እንዳስቸገረው ተናገረ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ጸሎቱ ገባ። ጋሽ ተገኘ ወደ ፊት ዘንበል ብለው «ፍሬን ለምን ፍሬን እንደተባለ ታውቃለህ? የመኪና ፍሬ ነገሩ መሮጡ አይደለም፤ መቆሙ ነው» አሉት። ሾፌሩ ሙሉ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ «እንዴት?» አለ። ያን ቀን ያተረፈን መንገዱ ዳገት መሆኑ ብቻ ነው። ኔትወርክንም ፈትተውታል፤ ሰው ስልኩን ሽቅብ ይዞ ከኮረብታ ኮረብታ እየዞረ «የት ወርቅ» ሲል የተገኘ ስም ነው። ስቄባቸው ቤቴ ከገባሁ በኋላ ለአንድ አፍታ እውነት መስሎኝ ነበር።

የጋሽ ተገኘ ተከራካሪ ጋሽ ጀላሉ ናቸው። በወጣትነታቸው ከሸዋ ሮቢት ቆላ ወጥተው ሞላሌ ላይ ሱቅ ከፈቱ፤ ጨው፣ ዘይት፣ ገመድና የጎማ ጫማ ይሸጣሉ። የነጋዴ ነገር፣ ሚዛን ላይ የማይወጣ ነገር አያምኑም። ጋሽ ተገኘ ከሱቁ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው «ንጉሡ በዚህ ሲያልፉ» ሲሉ፣ ጋሽ ጀላሉ ከውስጥ ሆነው «ሒሳብ ከፍለው ነው ያለፉት?» ይላሉ። ነገር ሲጠና ደግሞ «ያንተ ነገር እንደ በቅሎዋ ነው፤ አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። ስሙ ከየት መጣ ስትባል ንጉሥ አለፈ ትላለህ» ይሏቸዋል። ሁለቱ ሳይጨቃጨቁ የዋሉበት ቀን ቢኖር አንዱ ታሞ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሰላማዊ ኑሮ መሃል ዓሣው መጣ።

ያመጣችው የጋሽ ጀላሉ ልጅ ሲዲቃ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ዓሣ ተማረች፤ ጀርመንኛም ጨመረችበት። ባለፈው በጋ ፕሮፌሰር ኡልሪሽ የሚባሉ ጀርመናዊ ሽማግሌ ይዛ፣ ወንጭት ሸለቆ ወርዳ በወንዙ ውስጥ ያለውን የዓሣ ዓይነት ልታጠና ነው የመጣችው። እኛ ደገኞች ስለ ዓሣ የምናውቀው ነገር ቢኖር በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ብቻ ነው። በግ ብትሉን ለጠጉሩ፣ ለቀንዱ፣ ለጅራቱ ሁሉ ስም አለን። ዓሣ ግን ትንሹም ዓሣ፣ ትልቁም ዓሣ ነው። ስለዚህ ሲዲቃ ከሸለቆው ብቻዋን ቀድማ ወጥታ፣ አንድ ዓሣ በጠርሙስ አድርጋ አግዳሚው ላይ ስታስቀምጥ ገበያተኛው ሁሉ ከበበን። ዓሣው አፍንጫው ወደ ታች ተንጠልጥሏል። አንዷ ሴትዮ አይታው አማተበች።

«ጀርመኖች ምን ይሉታል?» አሉ ጋሽ ጀላሉ፤ የልጃቸው እውቀት በሰው ፊት እንዲታይ ነው።

«ኤሌፋንተንሩሰልፊሽ» አለች ሲዲቃ።

ጋሽ ተገኘ የሻይ ብርጭቋቸውን ወደ ጎን አደረጉ። እንዲህ ያለ ረጅም ስም በዕድሜያቸው ሰምተው አያውቁም፤ ትልቅ ድግስ የተጠራ ሰው መሰሉ።

«ቀስ ብላችሁ አድምጡኝ» አሉ። «የጀርመን ንጉሥ ኤሊ ሊያጠምዱ ወንዝ ወረዱ። መረቡን ቢስቡት በኤሊ ፋንታ ይህች ዓሣ ወጣች። ኤሊ ፋንታ! ንጉሡ ተናደው ‹በከንቱ ስትለፊ ኑሪ፣ ልፊ› ብለው ረገሟት። አፍንጫዋ የተንጠለጠለው ያን ቀን ነው።»

«የጀርመን ንጉሥ አማርኛ ያውቃሉ?» አሉ ጋሽ ጀላሉ።

«ንጉሥ የማያውቀው ነገር አለ?»

ሲዲቃ በትሕትና ገባች። «ጋሼ፣ ኤሌፋንት ማለት ዝሆን ነው። ሩሰል ኩምቢ ነው። ፊሽ ዓሣ ነው። የዝሆን ኩምቢ ዓሣ ማለት ነው። ጀርመኖች ቃላቱን ሳይለያዩ ገጣጥመው ነው የሚጠሩት እንጂ ሌላ ነገር የለውም።»

ጋሽ ተገኘ ልጅቷን በሐዘን አዩዋት። «ልጄ፣ ይህ ስም አይደለም፤ ይህ ጭነት ነው። እንዲህማ ከሆነ እኔም በርኖስ ጺም ሰውዬ ልባል ነው።»

ጋሽ ጀላሉ ሳቁ። መሳቃቸው ባልከፋ፤ ግን ረዘመ። ጠርሙሱን ይዘው፣ የገመድ ጥቅልል ላይ ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጋሽ ተገኘ ከአግዳሚው ተነሡ። በርኖሳቸውን አስተካከሉና «ይህን ስም ያወጣው ንጉሥ ነው። ንጉሥ ካልሆነ በቅሎ እሰጥ» አሉ።

«አገባ» አሉ ጋሽ ጀላሉ። «ንጉሥ ከሆነ ሞተር ሳይክሌን ውሰድ።»

መንዝ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሙግት ሲጦፍ አንዱ «እሰጥ» ይላል፤ ሌላው «አገባ» ይላል፤ የልብ ሙቀት ነው። ለአጥር ወሰን ሲሟገት በቅሎ፣ ለዶሮ ሲሟገት በቅሎ፣ አባቶቻችን በአፋቸው ስንት በቅሎ ሰጥተዋል። ማንም ግን የማን በቅሎ እንደሆነች አይናገርም። ጋሽ ጀላሉ ነጋዴ ናቸውና «የትኛዋን በቅሎ?» ብለው ጠየቁ። ገበያው በሙሉ ይሰማል። ጋሽ ተገኘ ማፈግፈግ አቃታቸው። ከአንድ ግንድ ጋር ወደታሰረችው ዳማ በቅሎ በጭራቸው አመለከቱና «ያችን» አሉ።

ያች በቅሎ የእትዬ ጥሩሸዋ ናት። እትዬ ጥሩሸዋ ጉልበታቸውን ከታመሙ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያንም፣ ለቅሶም፣ ገበያም የሚሄዱት በእሷ ላይ ነው። በቅሎዋ ከሄደች እሳቸውም ከቤት ቀሩ ማለት ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነና፣ ወሬው ጋሽ ተገኘን ቀድሞ ቤታቸው ገባ። እትዬ ጥሩሸዋ ባላቸውን ደጃፍ ላይ ተቀብለው የጠየቋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው አሉ። «ለመሆኑ የጀርመኑ ንጉሥ ጉልበቴን ያሽልኛል?»

ጋሽ ተገኘ ወደ በቅሎዋ ሄዱ። በሚቀጥሉት ቀናት በቅሎዋን በእጃቸው ገብስ ሲያበሉ፣ ጋማዋን ሲያበጥሩ አየኋቸው። አግዳሚው ላይም ይቀመጣሉ፤ ግን አንድ እንግዳ መጥቶ የአንድ ወንዝ ስም ሲያነሣ ሰምተው ዝም አሉ። ነገሩ የምር እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ፕሮፌሰሩ ከሸለቆው በገበያ ቀን ወጡ። እሳቸው ምስክር ይሁኑ፣ ዳኛም ያስፈልጋል ተባለ፤ ሁለቱም እኔን መረጡ። ጋሽ ተገኘ የመረጡኝ የአገር ልጅ ነው ብለው ነው። ጋሽ ጀላሉ ደግሞ «ምንተስኖት ጋዜጣ ላይ ይጽፋል፤ ቢዋሽም በስሙ ነው» ብለው ነው። በርኖስ አለበሱኝ፤ የጨው ጆንያ ላይ አስቀመጡኝ። ፕሮፌሰሩ በምን ይማሉ የሚለው ክርክር ሲያስነሣ፣ በዓሣው ይማሉ ተብሎ ተወሰነ። ሽማግሌው ጀርመናዊ ፀሐይ ያቀላውን እጃቸውን ጠርሙሱ ላይ ጭነው በሙሉ ልብ ማሉ።

ልንጀምር ስንል ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፍሎ መንገድ ለቀቀ። እትዬ ጥሩሸዋ በበቅሏቸው ላይ ሆነው ገቡ። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ ጥላ ይዘዋል። መሃል ላይ መጥተው ቆሙ።

«እትዬ፣ ይውረዱና ይቀመጡ» አልኳቸው።

«አልወርድም» አሉ። «ፍርድህን ፍረድ። የረታ ከነእኔ ይንዳት።»

እንዲህ ባለ ዓይን ሥር ፈርዶ የሚያውቅ ዳኛ ካለ ይዘንልኝ። ምስክሩን ጠየቅኋቸው፤ ሲዲቃ አስተረጎመች። ፕሮፌሰሩም ልክ እሷ እንዳለችው ተናገሩ። ዝሆን፣ ኩምቢ፣ ዓሣ። ጋሽ ጀላሉ ክንዳቸውን አጣጥፈው ፈገግ አሉ።

ጋሽ ተገኘ መስቀለኛ ጥያቄ ጀመሩ። «ዝሆን አገራችሁ አለ?»

«የለም» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ከሌለ ስሙን ከየት አመጣችሁት?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሆነ። የሽማግሌው ጀርመናዊ ዓይን በራ። ወንበራቸውን ወደ ጋሽ ተገኘ አስጠጉ። ስሙ ከሮማውያን፣ ከዚያ በፊት ከግሪኮች እንደመጣ፣ ከግሪኮች በፊት የት እንደነበረ ሊቃውንቱ እንደሚከራከሩ ተናገሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጥንት አያቶቻቸው ዝሆንም ግመልም ሳያዩ ስሙ ብቻ በወሬ ደረሳቸው፤ ለማን እንደሚሰጡት ግራ ገባቸውና ለግመል ሰጡት ይባላል አሉ።

«ግመልን ዝሆን?» አሉ ጋሽ ጀላሉ። ከግመል ጋር ያደጉ ሰው ናቸውና ከልባቸው ከፋቸው። «ሲዲቃ፣ በደንብ ተርጉሚ።»

«በደንብ ነው የተረጎምኩት አባባ።»

ኩምቢ የሚለውም ቃል ቢሆን አመጣጥ ነበረው። ከርከሮ ማሳ ገብቶ በአፍንጫው አፈር እንደሚፈነቅለው፣ ያን መፈንቀል ከሚናገር ጥንታዊ ግስ የተወለደ ነው አሉ ፕሮፌሰሩ፤ አሉና በአፍንጫቸው አየሩን እየፈነቀሉ አሳዩ። ጋሽ ተገኘ ጉልበታቸውን መቱ። «ይኸው! ስም ያለ ነገር አይወጣም ብያለሁ» እያሉ ወደፊት ተሳቡ፤ ጀርመናዊውም ወደፊት ተሳቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው፣ ዳኛውንም ከሳሹንም በቅሎዋንም ረሱ። ሲዲቃ ድምፅዋ እስኪዘጋ አስተረጎመች። ስም ፈቺ ጀርመንም አገር እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በመጨረሻ ሥራዬ ነውና ጠየቅሁ። «ፕሮፌሰር፣ በማሉበት ዓሣ ይሁንብዎና፣ ይህን ስም ንጉሥ አውጥቶታል?»

ሽማግሌው ጋሽ ተገኘን አዩ። መዋሸት አማራቸው፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ግን ምለዋል። «አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ማን እንዳወጣው አናውቅም። ምናልባት አንድ መጽሐፍ ሲያገላብጥ የሚውል መምህር ይሆናል።»

ጋሽ ተገኘ ተነሡ። «ተረታሁ» አሉ። አንዲት ቃል እንኳ አልጨመሩበትም፤ ያውም እሳቸው። ሄደው የበቅሎዋን ልጓም ያዙ። «ጥሩዬ፣ ውረጂ» አሉ።

«አልወርድም ብያለሁ።»

ጋሽ ጀላሉን አየሁ፤ እሳቸውም አይስቁም። መርታት ነበር እንጂ የፈለጉት በቅሎ አልነበረም። ግን «ተወው፣ ይቅር» ቢሉ፣ በሰው ፊት የተረታን ሰው በምጽዋት መሸኘት ከመርታትም የከፋ ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ሁለቱም እኔን አዩ።

እውነቱን ልናገር። በጋሽ ተገኘ ስስቅ ነው የኖርኩት፤ እንጀራዬም ነው፤ ስለእሳቸው የጻፍኩት ጽሑፍ ጥቂት አይደለም። ያቺን «ተረታሁ» ሰምቼ ዝም ሲሉ ግን ሞላሌ የማላውቃት ከተማ ሆነችብኝ። ይህን ሰው እወዳቸዋለሁ። ከአባቴ ቀጥሎ በዚህ ምድር ላይ የሚበልጥብኝ ሽማግሌ የለም። የጨው ጆንያው ላይ ቁጭ ብዬ ይህን ሳስብ አፌ ፍርዱን ጀመረ።

«አቶ ተገኘ ተረትተዋል» አልኩ። «ከዛሬ ጀምሮ በቅሎዋ የአቶ ጀላሉ ናት።» እትዬ ጥሩሸዋ ጥላቸውን ጨበጡት። «ነገር ግን አቶ ጀላሉ ሱቅ እንጂ በረት የላቸውም። ስለዚህ እንደ አገሩ ልማድ በቅሎዋ በአቶ ተገኘ ቤት በርቢ ትቀመጥ። አቶ ተገኘ ይቀልቧት። እትዬ ጥሩሸዋም እየተቀመጡባት ያፍታቷት። የወለደች ዕለት ውርንጭላው ለአቶ ተገኘ፣ እናቲቱ ለባለቤቷ ለአቶ ጀላሉ ይሁን።»

ርቢ በላምና በበግ የታወቀ ነው፤ ባለ ከብቱ ለጠባቂው ይሰጣል፣ ጠባቂው ይመግባል፣ የተወለደውን ይካፈላሉ። በቅሎ ደግሞ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ እንደማትወልድ ያን ቀን ገበያ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። አንድም ሰው አልሳቀም። መንዝን የምወደው ለዚህ ነው።

ጋሽ ጀላሉ ጺማቸውን ዳበሱ። «ስትወልድ ታስጠራኛለህ?» አሉ።

«በዚያው ዕለት» አሉ ጋሽ ተገኘ።

«ካላስጠራኸኝ እከስሃለሁ።»

«መብትህ ነው።»

ፕሮፌሰሩ ጣታቸውን አነሡ። የእንስሳት ሊቅ ናቸውና ነገሩ አላስችላቸው አለ። ሲዲቃ ጠጋ ብላ በጀርመንኛ አንዲት ነገር ሹክ አለቻቸው። እኔን አዩ፣ በቅሎዋን አዩ፣ እትዬ ጥሩሸዋን አዩና ጣታቸውን አወረዱ። በኋላ ምን እንዳለቻቸው ብጠይቃት «እኛ ዓሣው ላይ እንቆይ አልኳቸው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ጀላሉ እሑድ እሑድ «ንብረቴን ልይ» እያሉ የጋሽ ተገኘ ቤት ይሄዳሉ። የበቅሎዋን ሆድ በጥሞና ይዳብሳሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ ገብተው ወተት ይጠጣሉ፤ እስኪመሽ ይጨቃጨቃሉ። የዓሣውም ታሪክ ተሻሽሏል። አሁን ከርከሮውም ግመሉም ገብተውበታል፤ ንጉሡ ደግሞ ግመሉ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ጀላሉ «የምስክሩን ቃል ለወጥክ» ብለው ይጮኻሉ። እኔም እዚያ አልጠፋም፤ ዳኛ አፈጻጸሙን መከታተል አለበት ብዬ ነው።

ባለፈው ገበያ እትዬ ጥሩሸዋን መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ በበቅሎዋ ላይ ናቸው። ሰላምታ ተሰጣጥተን በቅሎዋ እንዴት እንደሆነች ጠየቅኋቸው።

«ደህና ናት» አሉ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። «ገና አልወለደችም።»

«እግዜር ያዘግይልን፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አሜን» ብለው አለፉ።